የሚጣራው ሽቦ

ባሌ ስመኘው ጠያቂ ነው። ጠዋት ዓይኔን በደንብ ሳልገልጥ «ደህና ነሽ?» ይለኛል። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ «ደህና ነሽ?» ይለኛል። በኮሌጁ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ እንኳ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ደብቆ «ደህና ነሽ?» ብሎ ይጽፍልኛል፤ እኔ እኮ እዚያው ስብሰባ ላይ ከፊቱ ተቀምጫለሁ። የደሴ ልጅ ነው፤ ከወደደ አፉ አያርፍም።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ሌላ ምን ይባላል? እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እግሯ ተሰብሮ በቃሬዛ ሲያመጧት የጠየቃትን ጎረቤት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እናንተስ እንዴት ናችሁ? ከብቶቹስ?» እያለች ነው ግቢ የገባችው። እኛ ቤት ሰው መታመሙ የሚታወቀው ሲወድቅ ነው። እኔ ይህን እንደ ጀግንነት ቆጥሬ አደግሁ፤ ስመኘው ደግሞ ይህን ራሱን እንደ በሽታ ይቆጥረዋል።

ያን ዓመት ግን ለመጠየቅ ምክንያት ነበረው። ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶብን ነበር፤ ያኔ ከእኔ ይልቅ ያለቀሰው እሱ ነው። ይህኛውም እንዳይሄድብን ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ። ልዩነታችን እሱ ፍርሃቱን በጥያቄ ሲያወጣው እኔ ዋጥ ማድረጌ ነው፤ የሚውጥ ሰው ደግሞ የሚናገረው ሰው ያበሳጨዋል። አንዳንድ ቀን ከጠየቀኝ በኋላ ሆዴን በዓይኑ ሲሰርቀው ሳይ ላቅፈውም ልመታውም ያምረኝ ነበር።

ሁለታችንም ቡሬ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ እናስተምራለን፤ እኔ ኤሌክትሮኒክስ፣ እሱ ኮምፒውተር። የምንኖረው በእትዬ ሀብትነሽ ግቢ ተከራይተን ነው። እትዬ ሀብትነሽ ጫጩት እያስፈለፈሉ ለገበሬ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። ሣጥን ውስጥ አምፖል አብርተው እንቁላሉን ያሞቃሉ፤ እንዳይበርድ ሲሉም እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። አንድ ቀን ሁለታችንን በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው፣ የተማራችሁ ተብላችሁ እንቁላሌ ሲበርደው የሚነግረኝ ነገር መሥራት እንዴት ያቅታችኋል አሉን። የሞያችንን ክብር ነኩብን። በሳምንቱ ሥራ ጀመርን።

ከተጣለ ፍሪጅ አዲስ ሣጥን ሠራን። ሙቀቱን የሚሰጡት ያው አምፖሎቹ ናቸው። ከእንቁላሎቹ መሃል ሙቀት የሚለካ ትንሽ ሴንሰር አስቀመጥን። ሴንሰሩን ስመኘው ከአዲስ አበባ ካስመጣት መዳፍ ከምታክል የኮምፒውተር ቦርድ ጋር አገናኘነው፤ ከቦርዷ ደግሞ እትዬ ሀብትነሽ መኝታ ቤት ድረስ የደወል ሽቦ ዘረጋን። እንቁላሉ ሲበርድ ደወሉ ይጮሃል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የተጣላነው ድራይቨሩ ላይ ነው። ድራይቨር ማለት ቦርዷን ከሴንሰሩ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ነው። እሱ እንዲሠራ ደግሞ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የት እንደተሰካና በምን መንገድ እንደሚያናግር አንድ ፋይል ላይ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ቦርዷ ዓይን የላትም፣ የነገሯትን ብቻ ነው የምታውቀው። እዚያ መግለጫ ላይ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብን። አንደኛው ኢንተራፕት ይባላል። ሴንሰሩ አንዲት የመጥሪያ ሽቦ አለችው፤ ሙቀቱ ከልኩ ሲወርድ በሽቦዋ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ይጥለዋል፣ ቦርዷም ያን ጊዜ የያዘችውን ሥራ አቋርጣ ብድግ ትላለች። እስከዚያ ዕረፍት ነው። ሁለተኛው ፖሊንግ ነው። መጣራት የሚባል ነገር የለም፤ ቦርዷ ራሷ በየጥቂቱ «ስንት ደረስህ? አሁንስ ስንት ደረስህ?» እያለች ሴንሰሩን ስትጠይቅ ትውላለች።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቀኝ የሚውለው ሰውዬ ኢንተራፕት ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ቦርዷ ሌላም ሥራ አላት፣ አንዱን ነገር ሺህ ጊዜ መጠየቅ የሥራ ብክነት ነው፣ ሲቸግረው ራሱ ይጥራ አለኝ። እኔ፣ አትጠይቁኝ ስል የምውለው ሴትዮ፣ ፖሊንግ ይሻላል ብዬ ተከራከርሁ። የሚጣራ ነገር አላምንም፤ ሽቦ ይበጠሳል፣ ይላላል፣ ጥሪውም ሳይሰማ ያልፋል፤ ሄዶ ማየትን የመሰለ የለም አልሁ። ተማሪ ፊት ጀምረን ቤት ድረስ ተጨቃጨቅን። እራት ላይ ነው የምንለውን ነገር ራሳችን የሰማነው። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እኔ፤ ሆዴን ይዤ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ከዚያ እንደ ሽማግሌ ተደራደርን። እንቁላሉ እሱ እንዳለው በኢንተራፕት ይሁን፤ በምትኩ እኔን መጠየቅ ያቁም። አንድ ነገር ከተለወጠ፣ ካመመኝ፣ ደም ካየሁ፣ ሕፃኑ መንቀሳቀስ ካቆመ፣ እኔ ራሴ እጠራዋለሁ። እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መጥተን በረንዳው ላይ እጅ ለእጅ ተመታተን ተስማማን። ያን ዕለት ራሴን ትንሽ ያመኝ ነበር። ከዚያ በፊትም የሰነበተ ነገር ነው፤ የፈተና ወረቀት ሳርም ስለከረምሁ ነው ብዬ ቁም ነገር አላልሁትም። ጫማዬም ጠቦኝ ነበር፤ እርጉዝ ነኝና ጠበበኝ። የጤና ጣቢያው ክትትል ቀኔ ፈተና ላይ ስለዋለ ለሚቀጥለው ብዬ አሳልፌዋለሁ።

ስመኘው ቃሉን ጠበቀ። ሲጠብቅ ያሳዝን ነበር። አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል። ውሃ በብርጭቆ ይዞ መጥቶ አጠገቤ ያስቀምጥና ምንም ሳይል ይሄዳል። ስልኬ ላይ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብሎ ይጽፍልኛል፤ ዝናቡ በእሱም ራስ ላይ እየዘነበ ነው። በልቤ እየሳቅሁ፣ ወንዱ ተማረ አልሁ። ራስ ምታቱ አልተወኝም፤ ግን ይኸው አሁን ብሶብኛል የምለው ጊዜም አልነበረም። አንዳንዴ ፀሐይ ላይ ስወጣ ዓይኔ ላይ ብልጭልጭ ይልብኛል። የተስማማነው አዲስ ነገር ከመጣ ልጠራው ነው፤ አዲስ ነገር አልመጣም። እኔም አልጠራሁትም።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና የከተማው መብራት ጠፋ። ሲመለስ ሁላችንም ተኝተን ነበር። እትዬ ሀብትነሽ መብራቱ መምጣቱን በመስኮት አይተው፣ ደወሉም ዝም ስላለ፣ እንቁላሌ ሞቆልኛል ብለው ጋደም አሉ። ከስንት ዘመን በኋላ እንደልባቸው የተኙት ያን ቀን ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሣጥኑን ሲከፍቱ አምፖሎቹ ተቃጥለዋል፤ መብራቱ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ኖሯል። እንቁላሎቹ ቀዝቅዘዋል። ቦርዷ አረንጓዴ መብራቷን አብርታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብላለች።

እትዬ ሀብትነሽ መጥተው በራችንን አንኳኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። «ደወሉ ዝም አለኝ ልጆቼ» አሉ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ እንቁላሎቹን በቀሚሳቸው እያቀፉ፣ በየጎረቤቱ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ያለችውን ሁሉ ደጅ እየጠኑ ሥሯ ሲያስገቡ ቆዩ። እኔም አብሬ ልሄድ ብል እግሬ እንቢ ስላለኝ ወንበር ላይ ቀረሁ።

ስመኘው ሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ ሽቦዋን መረመረ፤ ደህና ናት። ሴንሰሩን መረመረ፤ ደህና ነው። በእጁ አሙቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ደወሉ ግቢውን ቀውጢ አደረገው። ደግሞ አሞቀ፣ ደግሞ ነከረ፤ ሁልጊዜ ይጮሃል። እኔ ደግሞ ወንበሬ ላይ ሆኜ ነግሬህ ነበር፣ ነግሬህ ነበር እያልሁ እበላዋለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ክፉ ነኝ።

በመጨረሻ አንድ ነገር መጣለት። ቦርዷን አጠፋት። ሴንሰሩን አስቀድሞ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነከረውና እዚያው እንዳለ ቦርዷን አበራት። ጠበቅን። ደወሉ ዝም አለ። ውሃው እጅ ያደነዝዛል፣ ሽቦዋ ወድቃለች፣ ደወሉ ግን ዝም።

ገባኝ። ፋይሉ ላይ የገለጽነው፣ ሽቦዋ ስትወድቅ ተነሽ ብለን ነው። ቦርዷ ከመብራቱ ጋር ጠፍታ በነቃችበት ሰዓት ግን እንቁላሉ በርዶ ሽቦዋ ቀድማ ወድቃ ነበር። ስለዚህ ቦርዷ የሆነውን ነገር ገና ይሆናል ብላ ስትጠብቅ አደረች። አንድ ጊዜ፣ ገና ስትነቃ፣ አሁን እንዴት ነህ ብላ ብትጠይቀው ኖሮ እዚያው ታውቅ ነበር። ፖሊንግ ቢሆን እኮ ብዬ ልስቅበት አፌን ስከፍት ስመኘው ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ስለ እንቁላል የሚያስብ ሰው ፊት አልነበረም። ጥጉ ላይ አውልቄ ያስቀመጥሁትን ጫማዬን አየ፣ ከዚያ እግሬን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ምሥራቅ፣ ያን እሑድ ስንስማማ እንዴት ነበርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት።

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ያን ዕለት የሚያምሽ ነገር ነበር?»

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ደህና ነሽ ወይ ላለኝ ሰው መልሱ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነው የሚኖረው፤ ለዚህኛው ግን ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ዋሽቼም አላውቅም፤ ውሸት እኮ ሌላ ነው።

«ራሴን» አልሁ። «ትንሽ።»

«አሁንስ?»

«ያው ነው። አልተወኝም።»

ሌላውንም አንድ በአንድ አወጣው። ዓይኔ ላይ ብልጭ ይልብኝ እንደሆነ ጠየቀ፤ አዎ አልሁ። ጫማው መቼ ጀምሮ እንደጠበበኝ ጠየቀ፤ ነገርሁት። ስናገረው ለእኔም አዲስ ሆነብኝ፤ ለየብቻቸው ሲሆኑ ምንም ያልነበሩ ነገሮች አንድ ላይ ሲጠሩ አስፈሩኝ። ስመኘው አልጮኸብኝም፣ ለምን አልነገርሽኝም አላለኝም። የሴንሰሩ ውሃ ልብሱ ላይ ተደፍቶበታል፤ አላወቀውም።

እትዬ ሀብትነሽ ባዶ ቀሚሳቸውን እያራገፉ ሲመለሱ የመጨረሻውን ሰምተዋል። አጠገቤ መጥተው ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። «በይ ተነሽ» አሉኝ። «ኧረ ተነሽ፣ አንች ልጅ። ይሄ የድካም አይዶለም።»

ስመኘው መንገድ ላይ ወጥቶ ሚኒባስ በኮንትራት ይዞ መጣ። ወደ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ሹፌሩ ክላክሱን ሳይለቅ ነዳ። ስመኘው ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ አስደገፈው። ሕፃኑ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እጁን ወስጄ ሆዴ ላይ አስቀመጥሁለት። ሳይጠይቀኝ ያደረግሁለት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ የደም ግፊቴን ለካች፤ ደግማ በሌላው ክንዴ ለካችና ፈጥና ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ረጋ ብሎ ነገረን። ግፊቱ ከእርግዝናው የመጣ ነው፤ እናትየዋን ሊጥላት፣ ልጁንም ሊወስድ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሕፃኑ መውጣቱ ነው። ወሩ ገና ነው አለ ስመኘው። ገና ነው አለ ሐኪሙም፤ ግን መቆየት አንችልም። ዛሬ ባትመጡ ኖሮ የሚለውን ጀምሮ ተወው። መርፌ ወጉኝ። መላ ሰውነቴ ጋለ።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲወስዱኝ ስመኘው እስከ በሩ ተከተለኝ። አይዞሽ አለኝ። ሊጠይቀኝ ፈልጎ እንደተወው አየሁ፤ የፈራ ሰው ላይ ሌላ ፍርሃት ላለመጨመር ብሎ ነው። ነርሷ በሩን በጀርባዋ ገፋ አደረገችው። እናቴ ቃሬዛው ላይ ሆና ምን ዋጠች ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንሁላት።

«ስመኘው» ብዬ ጠራሁት።

ጎንበስ አለልኝ።

«ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። ብቻዬን እንዳልቀር።»

ግንባሩን ግንባሬ ላይ አደረገ። «እኔም» አለ። «እዚሁ በሩ ላይ ነኝ።» ነርሷ፣ እግዜር ይስጣት፣ አላቻኮለችንም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ከእጅ ጓንት አትበልጥም ነበር። ስትወጣ አንድ ጊዜ እንደ ድመት ግልገል ድምፅ አሰማች፣ ከዚያ ዝም አለች። እንዳትበርድ ብለው እኔ እስክነሳ የስመኘውን ሸሚዝ አስወልቀው ደረቱ ላይ አጣበቋት፤ በላዩ ጋቢ ደረቡበት። እንዲያ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳየው፣ ይህን ሰው ጠያቂ ነህ ብዬ ስበሳጭበት የኖርሁትን ሁሉ አስቤ አለቀስሁ። እወደዋለሁ። ይህንም ነገርሁት፤ ጆሮው ቀላ።

ነርሷ አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። እስክታለቅስ አትጠብቁ አለች። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ሲርባቸው ለማልቀስ አቅም የላቸውም፤ ዝም ያለችው ጠግባ ነው ብላችሁ ከተዋችኋት ትሞትባችኋለች። ሰዓቱ ሲደርስ ቀስቅሳችሁ አጥቧት፣ መተንፈሷን እዩ፣ እግሯን ዳስሱ። ስመኘው ወዲያው እኔን አየ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፣ የተሰፋው ሆዴ እያመመኝ።

ከዚያ በኋላ ጠያቂዋ እኔ ሆንሁ። ስንት ደረስሽ፣ አሁንስ ስንት ደረስሽ እያልሁ ጣቷን እነካለሁ፣ አፍንጫዋ ሥር እጄን አስቀምጣለሁ። ወተቴን አልቤ በትንሽ ስኒ ጠብ ጠብ አደርግላታለሁ፤ ትውጣለች፣ መልሳ ትተኛለች። ስመኘው ሲተካኝ እኔ እተኛለሁ፤ ስነሳ እሱ ይተኛል። እርስ በርሳችን የምንነጋገረውም ተለወጠ። ጠዋት ሲነሳ ራስሽ እንዴት ነው ይለኛል፣ ዛሬ ይሻላል እላለሁ፤ ወይም ዛሬ ከፍቶኛል እላለሁ። ሲከፋኝ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ አጠገቤ ይቀመጣል፣ እሱም ይበቃል።

እትዬ ሀብትነሽ ሊጠይቁን መጡ። ከእንቁላሎቹ ግማሹ በየጎረቤቱ ዶሮ ሥር ተፈልፍሏል፤ አሁን ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ እነዚህ የእኔ ዶሮ ጫጩቶች ናቸው ብሎ አስቸግሯቸዋል። እንደ ዳኛ ሲያስታርቁ ከርመዋል። ስመኘው ፋይሉን እንዳስተካከለው ነገራቸው፤ ቦርዷ ከእንግዲህ ስትነቃ አስቀድማ ትጠይቃለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥሪ የምትጠብቀው። እሳቸው ይህን አልሰሙትም። ልጅቷን በጣታቸው ጉንጯን ነክተው ምነው አታለቅስም አሉ። አቅሟ አልደረሰም አልኋቸው። ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሐምሌ ገብቶ ነበር፤ እኛ ገና ከሆስፒታል አልወጣንም። አንድ ጠዋት ውጭ ይዘንባል፤ ልጅቷን ካጠባኋት ብዙ አልቆየም፣ የሚቀጥለው ሰዓቷም ገና ነው። ስመኘው ደረቱ ላይ አድርጓት የተማሪ ወረቀት ያርማል። እኔ ፀጉሬን እያበጠርሁ ነበር። ያን ጊዜ ጋቢው ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ። ቀጥሎ ድምፅ ወጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ቁጣ አለበት። አቆመችና አየር ስባ እንደገና ጮኸች፤ ያሁኑ ክፍሉን ሞላው። ከጎናችን የተኙት እናቶች ቀና አሉ።

ማንም አልጠየቃትም። ሰዓቷም አልደረሰም። ራሷ ናት የጠራችን።

ስመኘው እስክሪብቶውን ጣለና «ሰማሽ? ምሥራቅ፣ ሰማሽ?» ሲለኝ እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። አልመለስሁለትም፤ ልጄ ርቧታል፣ ማበጠሪያውን ወርውሬ እየሮጥሁ ነበር።